በድሬዳዋ በቁም እስር የቆዩት መምህር፦ ሼኽ በክሪ ሳጳሎ እና ደረሶቻቸው



እኛ የድሬ ልጆች ተሰባስበን የትምህርት ቤት ወሬ ስናነሳ ቶሎ የሚነሳው የእንግሊዝኛ መምህር ነው። የሒሳቡን እንፈራቸው ነበር፣ የስፖርቱ ያስቁን ነበር፤ እንግሊዝኛ ያስተማሩን ቲቸር ግን ልባችን ውስጥ ቀርተዋል። የማናውቀውን ቋንቋ ፊደል አስጨብጠው ሌላ ዓለም አሳይተውናልና አይረሱም። ያ ፍቅር ተገቢ ነው። ዛሬ የምናነሳቸው መምህርም የቋንቋ መምህር ናቸው። ልዩነቱ፣ እሳቸው ተማሪዎቻቸውን መጻፍ ያስተማሩት የሰው አገር ቋንቋ ሳይሆን እቤታቸው ከእናታቸው ጋር የሚያወሩበትን ቋንቋ ነው። ለዚያውም ራሳቸው ባወጡት ፊደል። በዚህም ምክንያት በዚሁ በከተማችን በድሬዳዋ በቁም እስር ተቀምጠዋል።

ስማቸው አቡበከር ዑስማን ኦዳ ነው። ሕዝቡ የሚያውቃቸው ግን ሼኽ በክሪ ሳጳሎ ብሎ ነው። “በክሪ” የአቡበከር ማሳጠሪያ ነው። “ሳጳሎ” ደግሞ መጀመሪያ ባስተማሩበት መንደር አጠገብ ያለ ኮረብታ ነው። አንዱ ሰው በአባቱ ይጠራል፣ ሌላው በጎሳው፣ ሌላው በትውልድ አገሩ። እኚህ ሰው ግን ደረሳ ባስቀመጡበት ኮረብታ ተጠርተው ቀሩ።

የተወለዱት በኅዳር ወር 1888 ዓ.ም. ግድም ነው። አፄ ምኒልክ ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሐረርን ከያዙ ገና ዘጠኝ ዓመት አልሞላም ነበር። አባታቸው ገራድ ዑስማን ኦዳ ባለ መሬትና በአካባቢው ሹመት የነበራቸው ሰው ናቸው። ያኔ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ አልነበረችም። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ወጪው ስለከበደ ሜዳውን ይዞ መጣና በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ፤ ከተማችንም ከሐዲዱ ጋር ተወለደች። ልጁ አቡበከር የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። ከተማችን የእኚህ ሰው ታናሽ ናት ብንል አልዋሸንም።

ቁርኣን የጀመሩት ከአባታቸው ነው። ከዚያ እንደ ዘመኑ ደረሳ ወጡ። በዚያ ጊዜ ትምህርት ቤት የሚባለው ሕንፃው ሳይሆን ሼኹ ነው። ነሕው የሚያውቅ ሼኽ አንድ መንደር አለ፣ ፊቅህ የሚያቀራ ሌላ መንደር አለ፤ ደረሳው ስንቁንና ኪታቡን ተሸክሞ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል። ሼኽ በክሪም ወደ አሥር ዓመት በሀረርጌ ዑለማዎች ዘንድ ተዟዙረው ቀሩ። የተማሩት ዲን ብቻ አልነበረም። ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ሒሳብና የከዋክብት ዕውቀትም ነበረበት። ይህን የምንጠቅሰው “ሼኽ” ሲባል ከአንድ ኪታብ በላይ የማያውቅ ሰው የሚመስላቸው ልጆች በዝተው ስለምናይ ነው።

ተመልሰው ማስተማር ሲጀምሩ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ያዙ። አንዱ እንደ ማንኛውም ዓሊም በዐረብኛ ማቅራት ነው። ሌላው በኦሮምኛ ግጥም መግጠም ነው። ይህ በአገራችን ዑለማ ዘንድ የቆየ ዘዴ ነው። ከብት የሚጠብቀው ልጅ፣ ወፍጮ ላይ ያለችው እናት ኪታብ ገልጠው አያነቡም፤ ግጥም ግን በአንድ ሌሊት ይይዛሉ። ወሎ ላይ ሼኽ ጦልሃ ጃዕፈር በአማርኛ ያደረጉት ይህንኑ ነው፣ የሐረር ዚክሪም የሚሠራው እንዲሁ ነው። የሼኽ በክሪ ግጥም ከአፍ ወደ አፍ እየሄደ እሳቸው ያልረገጡት ቀበሌ ይደርስ ነበር።

ችግሩ የመጣው ግጥሙን መጻፍ ሲፈለግ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የሰውየው ችሎታ የሚታየው እዚህ ጋ ነውና።

ኦሮምኛ አምስት አጭር አናባቢና አምስት ረጅም አናባቢ አለው። ርዝመቱ ለውበት የሚጨመር አይደለም፤ ትርጉም ይለውጣል። “ቦና” ብለን ኦ-ዋን አጠር ካደረግናት በጋ ማለት ነው። ያችኑ ኦ ሳብ ካደረግናት “ይኮራል” ማለት ይሆናል። አሁን ይህንን በግዕዝ ፊደል ጻፉት፤ ሁለቱም “ቦና” ሆነው ይቀራሉ። በዚያ ላይ መጥበቅና መላላት አለ። ይህን ችግር በአማርኛም እናውቀዋለን፤ “አለ” ብለን ስንጽፍ “ተናገረ” ይሁን “ይገኛል” ይሁን የሚለየው አንባቢው ነው። አማርኛ አንባቢ ስለለመደው አይሰማውም፣ አዲስ ለሚማር ልጅ ግን ራስ ምታት ነው።

በዐረብኛ ፊደልስ? ዑለማዎቻችን ለዘመናት የአገሩን ቋንቋ በዐረብኛ ፊደል ጽፈዋል። ዐጀሚ የምንለው ይህ ነው። የሐረር፣ የወሎ፣ የጅማ ኪታቦች ምስክር ናቸው። ዐረብኛ ግን ለአናባቢ ያለው ፈትሓ፣ ከስራና ደማ ብቻ ነው፣ ርዝመቱን ቢጨምርም ሦስት ዓይነት ነው። “ኤ” እና “ኦ” ቦታ የላቸውም። “ጨ”ም “ጰ”ም የሉም። ኦሮምኛ ደግሞ በምላስ ወደ ውስጥ የሚሳብ “ዸ” አለው፤ ይህን የሚጽፍ ፊደል ከየት ይምጣ? ጸሐፊዎቹ ነጥብ እየጨመሩ መላ መቱ። መላው ግን ከሼኽ ሼኽ ይለያያል። የአንዱን ሼኽ ጽሑፍ የሌላው ደረሳ ሲያነብ መገመት ነበረበት። የሚገርመው፣ ግጥሙን አስቀድሞ በቃሉ ለሚያውቅ ሰው ጽሑፉ ይበቃዋል፤ ለማያውቀው ግን አይበቃም። ለማያውቀው ካልበቃ ደግሞ መጻፉ ምን ሊያደርግ?

በሌላው በኩል የሄዱም ነበሩ። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በ1880ዎቹ ምፅዋ አጠገብ በምትገኘው እምኩሉ ሆነው በግዕዝ ፊደል የኦሮምኛ ማንበቢያ አዘጋጅተዋል። አስቴር ከባርነት ነፃ የወጣች ልጅ ነበረች፤ ኋላ ነቀምቴ ገብታ መምህርት ሆነች። መንገዳቸው ከእኛ ዑለማ መንገድ የተለየ ነው፤ የተጋፈጡት ጥያቄ ግን አንድ ነው።

ሼኽ በክሪ የነበሩትን ፊደሎች ሁሉ ያውቋቸዋል፣ አንዱንም ግን አልጠገኑም። ከአፋቸው ተነሱ። እያንዳንዱን የኦሮምኛ ድምፅ ለብቻው አውጥተው ምልክት ሰጡት፤ አናባቢው በተነባቢው ላይ በሚታከል ምልክት ይለያል፣ አጭሩም ረጅሙም የየራሱ አለው። ቅርጾቹ ከዐረብኛም፣ ከግዕዝም፣ ከላቲንም የተቀዱ አይደሉም። ይህ የሆነው እንደ ፈረንጆቹ 1956 ግድም ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብተው የቋንቋ ሳይንስ አልተማሩም፤ ቤተ ሙከራ የላቸውም። የነበራቸው ጆሮና በፊታቸው ሎህ ይዘው የተቀመጡ ደረሶች ናቸው። ደረሳ ሲሳሳት መምህሩ ስህተቱ ከልጁ ይሁን ከፊደሉ ለማወቅ ይገደዳል። በእኛ ግምት ያንን ፊደል ያወጣው ይህ የዕለት ዕለት ትግል ነው።

ደረሶቹ ተማሩት። የተማሩት ለሌላ አስተማሩ። ባስተማሩበት አካባቢ ሰዎች በዚያ ፊደል ደብዳቤ መጻጻፍ ጀመሩ። እስቲ አስቡት፤ ዐረብኛ ያልዘለቀ፣ አማርኛ የማይችል ገበሬ ለወንድሙ በገዛ አፉ ቋንቋ ደብዳቤ ሲጽፍ።

መንግሥትም ሰማ። ጊዜው እንዴት እንደነበረ ለማያውቁ ወጣቶች፦ በ1936 ዓ.ም. በወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ በመላ አገሪቱ የማስተማሪያ ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ተደንግጎ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም አማርኛን የመንግሥቱ ቋንቋ አድርጎ አጸደቀ። በኦሮምኛ ጋዜጣ ወይም የትምህርት መጽሐፍ ማሳተም የሚታሰብ አልነበረም። እንግዲህ በዚህ ጊዜ አንድ የገጠር ሼኽ ባለሥልጣን የማያነበው ፊደል አውጥቶ ሰው እየተጻጻፈበት ነው ሲባል ምን እንደሚከተል መገመት አይከብድም። ፊደሉ ተከለከለ። ሼኹም እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1968 በድሬዳዋ በቁም እስር እንዲቀመጡ ተደረገ።

ለምን ድሬዳዋ? ምክንያቱን የሚነግረን ሰነድ ባይኖርም ከተማዋን አይቶ መረዳት ይቻላል። ከገጠር ደረሶቻቸው ያርቃቸዋል፣ ፖሊስ ጣቢያና ባቡር ጣቢያ አለ፣ ሰውየው ዓይን ሥር ይሆናሉ። ግን ይህች ድሬ ናት! ከደቻቱ ወዲህ ከዚራ፣ ከደቻቱ ወዲያ መጋላ፤ ቀፊራ ገበያ ላይ አንዲት ባለ ጉሊት በአንድ ጠዋት በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በአማርኛና በሐረሪ ስትከራከር የምትውልባት ከተማ ናት። የቋንቋ ሰውን ለመቅጣት ብለው የቋንቋ ገበያ መሀል አስቀመጡት። ገጠሩ ደግሞ በአህያና በግመል ተጭኖ በየቀኑ ወደ ቀፊራ ይወርዳል።

ሼኽ በክሪ በዚያ እስር ላይ ሆነው ዝም አላሉም። “ሸልዳ” የምትባል ሃያ ገጽ ገደማ የሆነች ጽሑፍ አዘጋጁ። ከላይ ሲያዩዋት ስለ ሃይማኖትና ስለ ታሪክ የምትናገር ናት፤ ውስጧ ግን ሕዝቡ በዘመኑ አስተዳደር የደረሰበትን በደል ይዟል። የጻፏትም በዚያው በተከለከለው ፊደል ነው። የሚያነቧትን ሰዎች አስቀድመው ስላስተማሩ ለሌላ ሰው የማትከፈት፣ ለደረሶቻቸው ግን ክፍት የሆነች ጽሑፍ ሆነች። ከዚህ ሌላ በዐረብኛ የኦሮሞን ሕዝብ ታሪክ የሚመለከት ሥራ ጽፈዋል።

ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ። በመጀመሪያ ተስፋ ነበር። በ1967 ዓ.ም. “በሪሳ” የተባለው የኦሮምኛ ጋዜጣ በግዕዝ ፊደል ወጣ፤ ቀጥሎም መሠረተ ትምህርት በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፣ ሁሉም በግዕዝ ፊደል። በእኛ በኩል ግን ጦርነትና ቀይ ሽብር አንድ ላይ መጡ። በ1969 ዓ.ም. መጨረሻ የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ በር ድረስ ደርሶ ነበር። ጦርነቱ ሲያልፍ በሀረርጌ ሙስሊም ሊቃውንትና ሽማግሌዎች ላይ የጥርጣሬ ዓይን ወደቀ። ሼኽ በክሪ በ1970 ዓ.ም. ሰማንያ ዓመት አልፏቸው ተሰደዱ። ያረፉት ሶማሊያ ውስጥ በለደወይን አጠገብ በሚገኝ የስደተኞች ካምፕ ነው። ከእኛ ተራሮች የሚነሳው ዋቢ ሸበሌ በለደወይንን አቋርጦ ያልፋል። እዚያው እንዳሉ መጋቢት 27 ቀን 1972 ዓ.ም. ወደ አኺራ ሄዱ፤ ዕድሜያቸው 84 ነበር። አላህ ይዘንላቸው፣ ቀብራቸውን ኑር ያድርግላቸው።

በሞቱ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1981፣ ስለ ፊደላቸው አንድ ጥናት ለንደን ውስጥ ታተመ። የጻፉት የቋንቋ ምሁሩ ሪቻርድ ሄይዋርድና የታሪክ ምሁሩ መሐመድ ሐሰን ናቸው፤ መሐመድ ሐሰን ራሳቸው የሀረርጌ ልጅ ናቸው። ዛሬ በዓለም ላይ ስለ ሼኽ በክሪ የሚጻፍ ነገር አብዛኛው የሚነሳው ከዚያ ጥናት ነው። አገራቸው ላይ የታገደ ፊደል ለንደን ላይ በመጽሔት ታተመ፤ ባለቤቱ ግን አላዩትም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ፊደሉ ለምን አልቀጠለም? አንዳንድ ወንድሞች “በጭቆና ነው” ብለው ይዘጉታል። እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ምዕራብ አፍሪካን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1949 ሱለይማን ካንቴ የሚባል ሰው ለማንዲንግ ቋንቋዎች “ንኮ” የተባለ ፊደል አወጣ። እሱም እንደ ሼኽ በክሪ ዐረብኛ ያውቃል፣ እሱም ሕዝቤ የራሱ ጽሕፈት የለውም መባሉ አንገብግቦታል። እሱ ግን በእጁ ጽፎ አልጠገበም፣ ደረሶቹም እየገለበጡ ከጊኒ እስከ ማሊ በተኑት። ንኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ ኮምፒውተር መለያ ዝርዝር ገባ፤ ዛሬ በስልክ ይጻፋል። በጎረቤታችን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ዑስማን ዩሱፍ ኬናዲድ ለሶማልኛ ፊደል አውጥቶ ነበር፤ በ1933 ሼኽ ዐብዱረሕማን ሼኽ ኑር ደግሞ ቦረማ ላይ ሌላ አወጡ። ሶማሊያ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1972 የመረጠችው ላቲንን ነው፤ ላቲን የታይፕ መኪና ነበረው፣ ማተሚያ ቤት ነበረው። የሼኽ በክሪ ፊደል ደግሞ ሁለቱም አልነበረውም፤ እንደ ንኮ ድንበር ተሻግሮ ደረሳ የሚገለብጥበት ዕድልም አላገኘም፤ መምህሩና ደረሶቹ ተለያዩ።

በጥቅምት 1984 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡ የኦሮሞ ምሁራን ቁቤን፣ ማለትም የላቲኑን ጽሕፈት፣ መረጡ። ቁቤ አናባቢ ሲረዝም ፊደሉን ይደግማል፣ ተነባቢ ሲጠብቅም ይደግማል። “ቦና” በጋው እና “ቦና” ኩራቱ በዓይን ተለዩ። ሼኹ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያነሱት ጥያቄ በሌላ ሰው ፊደል መልስ አገኘ ማለት ነው። ዛሬ የሳቢያን ወይም የገንደ ቆሬ ልጅ በኦሮምኛ ፈተና ሲፈተን ርዝመትና ጥብቀት ካልጠበቀ ማርክ ይቀነስበታል። ሼኽ በክሪ ደረሶቻቸውን የሚያርሙበት ስህተት ይኸው ነበር።

ድሬዳዋ ላይ ግን ስማቸውን የሚያውቅ ወጣት ጥቂት ነው። ራሳችንን እንጠይቅ፤ በየቀኑ ስንቱን የእግር ኳስ ተጫዋች ስም እንጠራለን! በስማቸው ክርክር የሚነሳበት ጊዜም አለ። አንዱ የብሔር ጀግና ብቻ አድርጎ ዓሊምነታቸውን ይተዋል፤ ሌላው “ዲን ትተው ፖለቲካ ገቡ” ይላል። ሁለቱንም አንቀበልም። ሰውየው ቁርኣን ያቀሩ፣ ግጥም የገጠሙ፣ ፊደል ያወጡ አንድ ሰው ናቸው፤ ሦስቱም ሥራ የተሠራው እዚያው ደረሳ ፊት በተነጠፈው ምንጣፍ ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን ጊዜ የለውም። ፊደሉ ሲወጣ 15 ዓመት የነበረው ደረሳ ዛሬ ሰማንያዎቹን አጋምሷል። ሼኹ ባረፉበት ዕድሜ ላይ ነው። አንዳንዱ በዚሁ በድሬ፣ በሐረር፣ በሐረማያ፣ በጨርጨር መንደሮች ከልጅ ልጅ ጋር ተቀምጦ ይሆናል። ሰንዱቅ ውስጥ ከኪታብ ጋር የተጠቀለለ ደብተር ያለውም ሊኖር ይችላል፤ ልጆቹ “ምንም የማይነበብ ጭረት ነው” ብለው እንዳይጥሉት ያስፈራል። ስለዚህ አያት ቤት ስትሄዱ “ቁቤ ታውቃለህ ወይ አባባ” አትበሉ፤ “የሼኽ በክሪን ፊደል አይተህ ታውቃለህ ወይ፣ ግጥማቸውንስ በቃልህ ይዘሃል ወይ” ብላችሁ ጠይቁ። ግጥም የሚያውቅ ካገኛችሁ ድምፁን ቅዱ፤ አያቋርጡት፣ ይጨርስ። ደብተር ካገኛችሁ ከቤቱ አታውጡት፣ አትግዙት። በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ሽፋኑን ጨምሮ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሱ፤ የማን እንደሆነ፣ ከማን እንደተማሩትና መንደሩን ጽፋችሁ አስቀምጡ። ባለቤቱ ከፈቀዱ ቅጂውን ለሁለት ለሦስት ሰው ላኩ፤ አንድ ስልክ ላይ ያለ ነገር ስልኩ ሲሰበር ይጠፋልና።